ውሃችን ያልደረሰበት ባሕር

ባሕረ ሐሳብ በሚያወጣው ቀን፣ በጥር አጋማሽና በየካቲት መጨረሻ መካከል የምትውለው ጾመ ነነዌ በገባች ጊዜ፣ ከእንጦጦ እግር ሥር ባለችው በቀጨኔ መድኃኔዓለም መጽሐፈ ዮናስ ይነበባል፤ ዕድሜዋን ሁሉ ጭቃ ስታቦካና ጋን ስትሠራ የኖረች፣ ባሕርን በዐይኗ አይታ የማታውቅ እናትም ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ፣ ነቢዩ በዐንበሪው ከርሥ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት እንደ ቆየ ትሰማለች። በዚያው ወራት፣ ከእርሷ ደጃፍ በአየር መሥመር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በምድር ላይ ካሉት ዓሣዎች ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው፣ ዌል ሻርክ የተባለው ፍጥረት፣ አፉን እንደ በር ከፍቶ በውሃው ገጽ ላይ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞችም ከጀልባ ወርደው በአጠገቡ እየዋኙ ያደንቁታል። ይህ ዕፁብ ትርኢት ለእኛዋ አዲስ አበባ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ከመካከላችን ይህን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው?

ሰው ዓሣ ለማጥመድ ወይም ሸቀጥ ለማሻገር ሳይሆን የባሕርን ፍጥረታት በመኖሪያቸው ለማየት ብቻ ብሎ የሚያደርገው የጠላቂዎች ጉዞ፣ ከአውስትራሊያ እስከ ፊሊፒንስ፣ ከታንዛኒያዋ ማፍያ ደሴት እስከ ጋላፓጎስ፣ የብዙ ጠረፍ መንደሮች እንጀራ ሆኗል፤ የጅቡቲ ጀልባ ነጂዎችም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወራት ከዚሁ ይቋደሳሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ በእነዚሁ ዓመታት ስለ ባሕር የሚነገረው ቃል እጅግ በዝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርሶ የነበረው ባሕር ኃይል እንደገና ተቋቁሟል፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል፤ በዓመቱ ደግሞ በአንካራ ከሶማሊያ ጋር መግለጫ ወጥቷል። ነገር ግን የምንነጋገረው ሁሉ ስለ ወደብ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ መርከብና ስለ ጦር ሰፈር ነው። ስለ በሩ ይህን ያህል ስንከራከር በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር የጠየቀ የለም። እኔ እንደማምነው፣ ባሕርን ያጣነው በ1985 ዓ.ም. ብቻ አይደለም፤ ጠረፉ በእጃችን በነበረበት ዘመንም ባሕሩን አላወቅነውም ነበርና፣ ያን ጊዜ ያጣነው የማናውቀውን ነገር ነው።

እንጦጦ ውሃ ከፋይ ተራራ ነው። በሰሜን ገጹ የወደቀው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ፣ በሙገር ወርዶ፣ ዓባይን ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በደቡብ ገጹ፣ በእኛ በኩል የወደቀው ግን፣ በቀጨኔ ወንዝ የከተማውን እድፍ ተሸክሞ ወርዶ፣ በባንትይቀጡና በቀበና በኩል ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ አልፎ አዋሽን ይገናኛል፤ አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ከአቤ ሐይቅ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ያለው ርቀት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሻገረው የኖርኩት ወንዝ ይህን ያህል መንገድ ሄዶ፣ የባሕሩ ሽታ ሊሰማው ሲል እንደሚቀር ካወቅሁ ወዲህ፣ ስለ አገሬና ስለ ባሕር ባሰብሁ ቁጥር ይህ ወንዝ ከሐሳቤ አይጠፋም።

ስለ ፍጥረቱ ጥቂት ልናገር። ዌል ሻርክ በእንግሊዝኛ አጠራሩ የዐንበሪን ስም በከፊል ቢወስድም ዐንበሪ አይደለም፤ ዐንበሪ እንደ ላምና እንደ ሰው በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ሲሆን፣ ይኸኛው በስንጥቡ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው። በዕድሜ የጠገበው እስከ 18 ሜትር ይደርሳል፤ ምግቡ ግን በዐይን ለማየት የሚያዳግቱ፣ ፕላንክተን የሚባሉ ደቂቅ የባሕር ነፍሳት ናቸው፤ በባሕር ከሚኖሩት ግዙፋን መካከል በሰው ላይ ጉዳት የማያስብ እንደ እርሱ ያለ ጥቂት ነው። ዴቪድ ሮዋትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በታጁራ የሚሰበሰቡት በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ወንዶች፣ ርዝመታቸውም በሦስትና በአምስት ሜትር መካከል የሆነ ናቸው፤ ማለትም የምናየው ጉባኤ የልጆች ጉባኤ ነው። እናቶቹ ብዙውን ጊዜ ከሰው ዐይን የራቁ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በታይዋን አጠገብ የተያዘች አንዲት እናት በማኅፀኗ 300 ያህል ፅንስ ተሸክማ በመገኘቷ፣ ይህ ዓሣ እንቁላሉን በባሕር ላይ ሳይጥል በማኅፀን ፈልፍሎ እንደሚወልድ ሊቃውንት አረጋገጡ።

በጀርባውና በጎኑ ላይ የተረጨው ነጭ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ተመራማሪዎች፣ የከዋክብት ተመራማሪዎች በሰማይ ፎቶግራፍ ላይ አንዱን የከዋክብት ኅብር ከሌላው ለማስተያየት የሚጠቀሙበትን ስሌት ወስደው፣ የዚህን ዓሣ ነጠብጣብ ለማወቂያነት አዋሉት፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ተራ መንገደኛ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን ጎን ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ያ ዓሣ ከዚህ በፊት የት እንደ ታየ ማወቅ ይቻላል። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ዐበይት ዐናብርት የተፈጠሩት በአምስተኛው ቀን፣ ከዋክብትም በአራተኛው እንደ ሆነ ጽፎልን ሳለ፣ የሐሙስን ፍጥረት በረቡዕ ፍጥረት ሒሳብ መቁጠር መቻሉን ሳስብ፣ ምርምርና አድናቆት የማይጣሉ ወንድማማቾች መሆናቸው ይሰማኛል። የጠላቂዎችን ጉዞ ከመዝናናት የሚያስበልጠውም ይኸው ነው፤ ተመልካቹ በምስክርነት ይቆጠራልና።

ዌል ሻርክን ለማየት ብዙ መሣሪያ አያሻም፤ የሚመገበው በውሃው ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ዐይንና አፍንጫን የሚሸፍን መስታወት፣ የመተንፈሻ ቱቦና የዋና ችሎታ ይበቃል። ከገጹ በታች ወዳለው የኮራል ዓለም ለመውረድ የፈለገ ግን፣ ፈረንሳዊው የባሕር መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ያስገኙትን የመተንፈሻ መሣሪያ መልበስ አለበት። ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው የብረት ጋን፣ የቀጨኔ እናቶች ለጠላ ከሚሠሩት ጋን በይዞታው እጅግ ያንሳል፤ 12 ሊትር የሚይዘው የተለመደው ዓይነት ግን አየሩ ሁለት መቶ ጊዜ ታምቆ ሲሞላ 2,400 ሊትር ያህል አየር ይሸከማል።

የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚመለከት፣ በውጭ አገር መማሪያ መጻሕፍት ስማችን ተጠርቶ ያልተጻፈ አንድ ጉዳይ ስላለ፣ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ የከባቢ አየርን ያህል አንድ ሌላ ጫና ይጨመራል፤ በዚህ ጫና ሥር ጠላቂው የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፤ ሰውየው ቀስ ብሎ ቢወጣ ቀስ ብሎ በትንፋሽ ይወጣል፤ ጫናው በድንገት ቢላላ ግን፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚፈላው፣ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሆንና ሕመምን፣ ሽባነትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሞትን ያመጣል። ስለዚህ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ በአውሮፕላን እንዳይሄድ ይመከራል፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊሳሳ ይችላልና። ቀጨኔ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሰፈር ናት! ከጅቡቲ በ752 ኪሎ ሜትሩ የባቡር ሐዲድ ወይም በመኪና የሚመለስ የአዲስ አበባ ጠላቂ፣ «በየብስ ነው የምሄደው» ብሎ ሊዘናጋ አይገባውም፤ ወደ ቤቱ መግባቱ ለሥጋው ወደ ሰማይ እንደ መብረር ነውና፣ ከመነሣቱ አስቀድሞ በጠረፉ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ።

ጠረፉ በእጃችን ሳለም ባሕሩን አላወቅነውም ላልሁት ምስክር ወደሚሆኑት፣ በቀይ ባሕር ወዳሉት የዳህላክ ደሴቶች አሁን እንሻገር። እነዚህ ከመቶ የሚበልጡ ደሴቶች ዛሬ የኤርትራ ናቸው፤ የማነሣቸውም የባለቤትነት ክርክር ለመክፈት ሳይሆን የራሳችንን ስንፍና ለመመርመር ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን የንግድ መንገድ የገለጸው የግሪክ ጸሐፊ፣ በአዱሊስ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች የባሕር ኤሊ ልባስ ወደ ገበያ እንደሚመጣ መዝግቧል፤ የአክሱም ወደብ ሀብት በከፊል ከእነዚህ ኤሊዎች የተገኘ ነበር ማለት ነው። የደሴቶቹ ሰዎችም ለዘመናት ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው እየጠለቁ ሉል ያወጡ ነበር። እንግዲህ በዚህ ባሕር የመጀመሪያዎቹ ጠላቂዎች የውጭ አገር ሰዎች አልነበሩም፤ የባሕሩን መጽሐፍ የጻፉት ግን የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

ጀርመናውያኑ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ደረሱ፤ ሄምፕሪክ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አረፈ፤ ባልንጀራው ግን አገሩ ገብቶ በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች የሚተነትን መጽሐፍ አወጣ። ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ የቀይ ባሕርን ዓሣዎች ሲመረምር ከቆየ በኋላ እስከ ጎንደር ወጥቶ የጣናን ዓሣዎች ጭምር ለሳይንስ አስተዋወቀ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተዋሐደችበት በ1945 ዓ.ም.፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን የጠላቂዎች ጓድ በዳህላክ ውሃ ውስጥ ወራትን አሳለፈ፤ ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺም ከዚያ ጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ የቀረበውን «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን የቀለም ፊልም ሠራ። የእስራኤል የባሕር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ሁለት ጊዜ ወደዚያው ወርደው፣ ስለ ዓሣውም ስለ ሸርጣኑም ስለ ዛጎሉም ተከታታይ ጥናት አሳተሙ።

በዚሁ ዘመን እኛ ምን እናደርግ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1955 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ተቋቋመ፤ ብርቱ መኮንኖችም ወጡለት፤ ይህን ሥራ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የምጽዋ መርከቦች የሚንሳፈፉበት ውሃ በውስጡ ማንታ የተባለውን ክንፋም ዓሣ፣ የባሕር ሣር የምትግጠውን ዱጎንግን፣ ለቁጥር የሚያታክተውንም የኮራል ዘር እንደሚይዝ የሚያስተምር የአማርኛ መጽሐፍ ጠረፉ በእጃችን በነበረበት አርባ ዓመት ውስጥ ተጽፎ እስካሁን አልገጠመኝም። ሌዋታን በቀላይ ምንጮች ላይ እንደሚኖር የሚናገረውን መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ለዓለም ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ፣ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ቀላዩ በደጁ በነበረ ጊዜ አንድ ተማሪ እንኳ ወርዶ አይቶ ይጽፍለት ዘንድ አለመላኩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከወደቡ ማጣት ያላነሰ ጉዳት ነው። ወደብን በውል መከራየት ይቻላል። ያልተማሩትን ግን ከማን ይከራዩታል?

አንዳንዱ አንባቢ «ባሕር ለኢትዮጵያዊ የምን መዝናኛ ነው? መቃብሩ አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ውቅያኖሱ በሚከፈትበት በሰሜኑ በኩል ያለችው ኦቦክ፣ ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶቻችን የሚሳፈሩባት ከተማ ናት፤ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከየመን የሚመለሱ ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚያ ጠረፍ ሰጥመው ከ50 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፍተዋል፤ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መንገደኛው ዌል ሻርኩን የሚያደንቅበት ውሃና እናት ልጇን ያጣችበት ውሃ አንድ ውሃ ነው። ይህን ረስቶ ስለ ባሕር ውበት የሚጽፍ ብዕር ቢነጥፍ ይሻላል። ሆኖም ባሕርን በመፍራት ብቻ ባሕርን ማምለጥ አልተቻለም፤ ልጆቹ ሄደዋልና። መዋኘት የሚችል፣ ማዕበልንና የጀልባን ጭነት መመዘን የሚያውቅ ትውልድ ማሳደግ ከእነዚያ ነፍሳት አንዳንዶቹን ያተርፍ እንደ ነበር አምናለሁ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የሆነውንም እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁን ጨርሶ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ ጠረፍ አጠገብ በባሕሩ ላይ ሲያሳርፈው፣ ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ አለቁ፤ 50 ሰዎች ተረፉ። ከደሴቲቱ ነዋሪዎች ጋር ፈጥነው ከደረሱት ረዳቶች መካከል ለዕረፍት የመጡ ጠላቂዎችና ሐኪሞች ነበሩ። ባሕርን ለማየት ብለው የተማሩት ሙያ በዚያች ሰዓት ነፍስ አዳነ።

የእኛ ድርሻ ግን በባሕሩ ከሚደርስብን ጉዳት ብቻ አይቆጠርም፤ እኛም በባሕሩ ላይ የምናደርሰው አለ። ከአገራችን የውጭ ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የታጁራ ወደብ ደግሞ ከዳሎል ሜዳ የሚወጣውን ፖታሽ ለማጓጓዝ ታስቦ፣ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተሠራ ነው። ዌል ሻርክ በውሃው ገጽ ላይ እየተመገበ ቀስ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ የመርከብና የጀልባ መዘውር በቀላሉ ያገኘዋል፤ በታጁራ የተጠኑት ብዙዎቹ በሰውነታቸው ላይ የዚህ ጠባሳ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ፍጥረት ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገብቶታል። ስንዴያችንና ማዳበሪያችን፣ ነዳጃችንና መኪናችን የሚመጣው በእነዚህ ለጋ ዓሣዎች መሰማሪያ ደጃፍ ከሆነ፣ ጠረፍ የለንም ማለት ከኃላፊነት ነጻ አያወጣንም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደ ያዙት ማየት ይጠቅማል። በአውስትራሊያ ኒንጋሉ ጠረፍ በአንድ ዓሣ ዙሪያ በአንድ ጊዜ ከ10 የሚበልጥ ዋናተኛ አይገባም፤ ከሰውነቱ 3 ሜትር፣ ከጅራቱም 4 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ መንካት ክልክል ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1998 የዌል ሻርክን አደን ከለከለች፤ ዶንሶል በተባለችው ከተማ ሕዝቡ ዓሣው በራሱ ጊዜ ሲመጣ እያሳየ መኖር ጀመረ። በዚያችው አገር ኦስሎብ የሚባል ሌላ መንደር ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ትንንሽ ሽሪምፕ እየበተነ ዓሣዎቹን በየጠዋቱ ወደ ጀልባው ያስጠጋቸዋል፤ ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ሩቅ አገር መዞር የተፈጥሮው የሆነ ፍጥረት ግን ምጽዋት ጠባቂ ሆኗል። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ የሚሳፈርበትን ጀልባ ሲመርጥ ርካሹን ሳይሆን ርቀቱን የሚጠብቀውን ይምረጥ፤ ሞተሩን አጥፍቶ የሚጠብቅ ነጂ፣ ዓሣውን ከሚያሳድድ ነጂ ይልቅ ገንዘባችን ይገባዋል።

እኛው በእጃችን ስለ ያዝነው ውሃም አንድ ቃል ልጨምር። ጣና ከዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥሎ የቆየ ሐይቅ በመሆኑ፣ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ፣ ከአንድ የዘር ግንድ የተከፈሉ 15 የላቤዮባርበስ ዓይነቶች አሉት፤ ከአገራችን ሰው ጋር የሠሩት የሆላንድ ሊቃውንት ናግልከርክና ሲቢንግ ለይተው ጽፈዋቸዋል። የሞተር ጀልባና የንግድ መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገባ በኋላ፣ በተለይም ዓሣዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ በሚወጡበት የክረምት ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ በሚጣለው መረብ ምክንያት፣ በ1991 እና በ2001 መካከል ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ባሕር የሌለው አገር ነን እያልን፣ ባሕር ብለን የሰየምነውን ጣናን እንዲህ ከያዝነው፣ ነገ ጠረፍ ብናገኝ ምን እናደርገው ይሆን የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት የመርከብ መሐንዲሶቻችን በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ እየሠሩ ነው፤ ከእነርሱ ጎን በየዓመቱ ጥቂት የባሕር ፍጥረታት ተመራማሪዎች ቢሠለጥኑ፣ ዋናም ከወንዝና ከሐይቅ አጠገብ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንደ ንባብ ቢሰጥ፣ ወጪው ከአንድ ወደብ ኪራይ ጋር የሚተያይ አይደለም።

ስለ ወደብ የምትዋዋሉ ሹማምንት ሆይ፣ ነገ ከጅቡቲ ጋር በምትፈራረሙት ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወራት፣ የኢትዮጵያን ጭነት የያዘ መርከብ ሁሉ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ፍጥነቱን ቀንሶ ይለፍ።